አፈሩን ማን ይዞት ነበር? ከሆንግ ኮንግ ተዳፋቶች እስከ ሃይፋ ላቦራቶሪ

ጁን 18 ቀን 1972፣ እሑድ ቀን (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሳው ማው ፒንግ በሚባል ሰፈር አንድ ትልቅ የአፈር ክምር ከቀትር በኋላ ተንዶ ወረደ። ክምሩ ለመንገድ ሥራ የተሞላ ሙሌት ነበር፤ ቁመቱ ወደ 40 ሜትር ይጠጋል። ከሥሩ የጊዜያዊ መኖሪያ ጎጆዎች ነበሩ። 71 ሰው ሞተ። በዚያው ቀን ማታ፣ ከባሕሩ ማዶ በሆንግ ኮንግ ደሴት፣ ከፖ ሻን መንገድ በላይ ያለው ተራራ ደግሞ ተናደ። ይኼኛው ሰፈር የድሃ ሰፈር አልነበረም። ናዳው አንድ ረጅም የመኖሪያ ሕንፃ ጠርጎ ጣለ፤ 67 ሰው ሞተ። በአንድ ቀን፣ በሁለት ተዳፋት፣ 138 ሰው።

ይህን የሚሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ዝናቡ በዛ፣ አፈሩ ከበደ፣ ወረደ» ብሎ ያልፈዋል። ዝናቡስ በእርግጥ በዝቷል። በሦስት ቀን ውስጥ ከ600 ሚሊሜትር በላይ ጣለ፤ ኢየሩሳሌም በአማካይ በዓመት ከምታገኘው ይበልጣል። አፈሩም ከብዷል። እኔን ግን የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ከሆንኩ ጀምሮ የሚከነክነኝ የጥያቄው ሌላኛው ጎን ነው። በሆንግ ኮንግ ብዙ ተዳፋቶች ለዓመታት ቆመው ኖረዋል። በመጽሐፉ ስሌት ቢሆን ኖሮ ግን ብዙዎቹ ድሮ መውደቅ ነበረባቸው። ታዲያ እስከዚያ ድረስ ማን ይዟቸው ነበር?

ውሃ ነው የያዛቸው። አዎ፣ ያው ውሃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ዳር ሄዳችሁ ፍጹም ደረቅ አሸዋ ብትከምሩ፣ ክምሩ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ይቆምና ከዚያ በላይ ሲሆን ይንሸራተታል። ማዕበል ነክቶት ውሃው የወረደለትን እርጥብ አሸዋ ከወሰዳችሁ ግን ቀጥ ያለ ግንብ ትሠራላችሁ። ግንቡ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ድፉበት፤ ይፈርሳል። በሦስቱም ጊዜ አሸዋው አንድ ነው፤ የተለየው የውሃው መጠን ብቻ ነው። እርጥቡ አሸዋ ውስጥ፣ በቅንጣቶቹ መካከል ውሃም አየርም አለ። ውሃው ቅንጣቶቹ በሚነካኩበት ቦታ እንደ ትንሽ ድልድይ ይንጠለጠላል። ገጹ ወደ ውስጥ የጎበጠ ነው፤ በውስጡ ያለው ግፊት በዙሪያው ካለው አየር ግፊት ያንሳል፤ ስለዚህ ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ይስባቸዋል። ይህን ነው የአፈር የመምጠጥ ኃይል የምንለው። ቀዳዳዎቹ በሙሉ በውሃ ያልተሞሉበትን አፈር ደግሞ «ያልጠገበ አፈር» እንበለው። ሲጠግብ አየሩ ይወጣል፣ የጎበጠው የውሃ ገጽ ይጠፋል፣ መምጠጡም ያበቃል።

ይህን ነገር በእጃቸው የሚያውቁ ሰዎች በቤታችን ነበሩ። በጎንደር አጠገብ በወለቃና በሌሎች የቤተ እስራኤል መንደሮች ሸክላ መሥራት የሴቶች ሙያ ነበር። አዲስ የተሠራ እንስራ ወደ እሳት ከመግባቱ በፊት ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይደርቃል። ሲደርቅ ይጠብቃል፣ መጠኑም ያንሳል። ለምን ያንሳል ብትሉ፣ ውሃው እየወጣ በሄደ ቁጥር የቀረው ውሃ ቅንጣቶቹን አጥብቆ ወደ ራሱ ስለሚጎትታቸው ነው። ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ውጭው ከውስጡ ቀድሞ ይጠብቅና ዕቃው ይሰነጠቃል። እሳት ያላየ ደረቅ እንስራ ውሃ ውስጥ ቢነከር ደግሞ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። የደንቢያ ጥቁር ዋልካ መሬት በበጋ የሚሰነጠቀውም በዚሁ ጉልበት ነው። (ዋልካ ምን እንደሆነ የማታውቁ እናቶቻችሁን ጠይቁ፤ ጭቃው ጫማ እንዴት እንደሚያስቀር ሳይነግሯችሁ አይቀሩም።)

አሁን ወደ ተዳፋቱ እንመለስ። ነገሩ በቁጥር እንዲታያችሁ ራሴ ያዘጋጀሁትን ምሳሌ ልስጣችሁ። በ45 ዲግሪ የሚያዘቀዝቅ ተዳፋት አለን እንበል፤ ላዩ ላይ ሁለት ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ተኝቷል። የአፈሩ ክብደት በኪዩቢክ ሜትር 18 ኪሎኒውተን፣ የቅንጣቶቹ የሰበቃ ማዕዘን 35 ዲግሪ ነው፤ የሚያጣብቅ ሌላ ነገር የለውም። አፈሩን የሚይዘውን ኃይል ወደ ታች ለሚጎትተው ብናካፍለው 0.7 ይመጣል። ከአንድ በታች ማለት ይወድቃል ማለት ነው። አሁን 40 ኪሎፓስካል መምጠጥ እንጨምርበት፤ ይህ ከተለመደው የመኪና ጎማ ግፊት አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። መምጠጥ ሁሉ ወደ ጥንካሬ አይለወጥም፤ ከፊሉ ብቻ ነው፤ እዚህ በ15 ዲግሪ ማዕዘን እናስላው። ቁጥሩ ወደ 1.3 ይወጣል። በቃ፣ ተዳፋቱ ቆመ። ሰው ከላዩ መንገድ ያወጣል፣ ከሥሩ ቤት ይሠራል። ዝናብ ገብቶ መምጠጡን ወደ 20 ቢያወርደው ግን ቁጥሩ አንድ ላይ ይደርሳል። ልብ በሉ፣ አፈሩ ገና አልጠገበም። የከርሰ ምድር ውሃም ከፍ አላለም። ግን ከዚህ በኋላ ትንሽ ዝናብ ይበቃዋል።

የሚገርመው ይህ ዕውቀት በ1972 አዲስ አልነበረም። እንዲያውም አርጅቶ ነበር። ባለቤቶቹ ግን ስለ ተራራ ሳይሆን ስለ ሰብል የሚያስቡ ሰዎች ነበሩ። ኤድጋር በኪንግሃም የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሰው በግብርና ሚኒስቴሩ ሥር በነበረው የአፈር ቢሮ ተቀጥሮ ጥቂት ዓመታት ሠርቶ ነበር። በ1907 የታተመው ጥናቱ አንድ መሠረታዊ ሐሳብ አስገባ፦ ውሃ በአፈር ውስጥ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ምን ያህል ውሃ እንዳለ መለካት አይበቃም፤ አፈሩ ውሃውን በምን ያህል ጉልበት እንደያዘው ማወቅ ያስፈልጋል። እርጥብ የሚመስል ሸክላ አፈር ለተክል አንድ ጠብታ ላይሰጥ ይችላል፤ ከእሱ ያነሰ ውሃ የያዘ አሸዋ ደግሞ በቀላሉ ይለቃል። ሎረንዞ ሪቻርድስ በ1931 ውሃ ባልጠገበ አፈር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ የሚገልጸውን ቀመር አወጣ፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። የግብርና ሰዎች መምጠጡ ወደ 1500 ኪሎፓስካል ሲደርስ ብዙ ተክል እንደሚጠወልግ ለይተዋል። መለኪያም ነበራቸው፤ ቴንሲዮሜትር ይባላል። ጫፉ ላይ ምን ያለ ይመስላችኋል? ውሃ የተሞላ፣ የሚያሳልፍ ትንሽ የሸክላ ዋንጫ። አፈሩ ውሃውን በሸክላው በኩል ሲመጥ የግፊት መለኪያው ያሳያል። እንስራ ለምን ውሃ እንደሚያቀዘቅዝ ለሚያውቅ ሰው ይህ መሣሪያ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

መሐንዲሶቹስ? የአፈር ምህንድስና አባት የሚባለው ካርል ቴርዛጊ ነው፤ በ1883 ፕራግ ተወልዶ፣ ትልቁን ሥራውን ኢስታንቡል ውስጥ እያስተማረ የጀመረ ሰው። ያገኘው ሐሳብ ቀላልና ጠንካራ ነበር። በውሃ የጠገበ አፈር ውስጥ ጥንካሬን የሚወስነው ጠቅላላው ጫና አይደለም፤ ከጠቅላላው ጫና ላይ የውሃው ግፊት ሲቀነስ የሚቀረው፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የሚካፈሉት ጫና ነው። በ1936 ሃርቫርድ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የአፈር ምህንድስና ጉባኤ ይህንን በግልጽ አስቀመጠው፤ ሙያው ሁሉ በእሱ ላይ ተገነባ።

ሐሳቡ ግን የተፈተነው በጠገበ አፈር ላይ ነበር። ከከርሰ ምድር ውሃ ወለል በላይ ያለውን ያልጠገበውን አፈር በተመለከተ የተለመደው አሠራር መምጠጡን ዜሮ ብሎ መቁጠር ሆነ። ምክንያቱ ሞኝነት አልነበረም። መምጠጥ ዛሬ አለ፣ ነገ በዝናብ ይጠፋል፤ በሚጠፋ ነገር ላይ ቤት አይሠራም። ለጥንቃቄ የሚበጅ ሕግ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። እኔ እንደማየው ግን ሕጉ በሆንግ ኮንግ ባለ ሁኔታ ሌላ ጉዳት ነበረው። ስሌቱ «ይህ ተዳፋት ወድቋል» ይላል፤ መሐንዲሱ በመስኮት ሲያይ ተዳፋቱ ቆሟል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ መቶ ጊዜ እንዲህ ሲሆን ሰውየው ስሌቱን ማመን ይተዋል። ከዚያ በኋላ የሚያምነው ዓይኑን ነው። ዓይን ደግሞ መምጠጥን አያይም።

በሆንግ ኮንግ የሆነውም ይኸው ነበር። ከተማዋ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከቻይና በሚጎርፉ ስደተኞች ተሞልታ ነበር። ሜዳ የለም፤ ያለው ተራራ ነው። ተራራው ደግሞ በብዙ ቦታ የበሰበሰ ግራናይትና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ከላይ ሲታይ ድንጋይ ይመስላል፣ በእጅ ሲጨበጥ ይፈረካከሳል። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ተራራ ሲቆረጥ የሚሠራበት የልምድ መለኪያ ነበር፦ ወደ ላይ አሥር፣ ወደ ጎን ስድስት። ይህ ወደ 59 ዲግሪ ይሆናል። ከየት መጣ ቢባል፣ ከዚህ ቀደም እንዲህ ተቆርጦ ስለቆመ ነው። በበጋ የተቆረጠ ተዳፋት ይቆማል እኮ። ጥያቄው ምን ያህል ክረምት ይቆማል ነው።

በዚያው ከተማ ጥያቄውን በቁም ነገር የያዘ ሰው ነበር፤ የሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲው ፒተር ላም። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የበሰበሰው ግራናይት ውሃ ሲጠግብ ምን ያህል ጥንካሬ እንደሚያጣ መረመረ። ዝናብ ከላይ ወደ ታች አፈሩን እያጠገበ የሚወርድበትን ጥልቀት ለመገመትም ቀላል ስሌት አቀረበ። ስሌቱ በቃል ሊነገር ይችላል፦ አፈሩ በዝናቡ ጊዜ ያሳለፈውን ውሃ ሊሞላ ለሚችለው ባዶ ቦታ አካፍሉት። ለምሳሌ በሰዓት 18 ሚሊሜትር ውሃ የሚያሳልፍ አፈር ላይ 24 ሰዓት ያለማቋረጥ ቢዘንብ 432 ሚሊሜትር ይገባል። ከአፈሩ መጠን 12 በመቶው ገና የሚሞላ ባዶ ቦታ ከሆነ፣ ውሃው 3.6 ሜትር ወርዷል ማለት ነው። እስከዚያ ጥልቀት ድረስ መምጠጡ ተሟጧል። ከታች ያለው አፈር ግን ምንም አልሰማም። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ናዳዎች ጥልቀት የሌላቸው፤ ተራራው አይደለም የሚወርደው፣ የተራራው ቆዳ ነው።

ስሌቱ ሌላም ነገር ይነግረናል። ባዶው ቦታ አስቀድሞ በቀደመው ዝናብ ከተሞላ፣ ያው ዝናብ ብዙ እጥፍ ጠልቆ ይወርዳል። ላም በ1975 ባወጣው ጥናት ናዳዎቹን ከዕለቱ ዝናብ ጋር ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ከነበሩት 15 ቀናት ዝናብ ጋርም አያይዟቸዋል። በኋላ በ1984 ኤድዋርድ ብራንድና ባልደረቦቹ በሆንግ ኮንግ ይበልጥ የሚወስነው የአጭር ጊዜው ኃይለኛ ዝናብ ነው ብለው ተከራከሩት፤ በሰዓት 70 ሚሊሜትር ገደማ ሲደርስ ናዳ ይበዛል አሉ። ክርክሩ ጥሩ ነበር። ውሃ ቶሎ በሚያሳልፍ አፈር የብራንድ ነገር ያመዝናል፤ ውሃ ቀስ ብሎ በሚያሳልፍ ሸክላማ አፈር ደግሞ ያለፉት ቀናት ዝናብ መቆጠሩ አይቀርም።

ከ1972ቱ አደጋ በኋላ ያንግ ቲ ሊያንግ የሚባሉ ዳኛ የመሩት አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሪፖርት ወጣ። ግን ሥርዓቱ ሳይለወጥ፣ ኦገስት 25 ቀን 1976፣ በዚያው በሳው ማው ፒንግ፣ ሌሎች የሙሌት ተዳፋቶች በዝናብ ተናዱ። አንዱ የሕዝብ መኖሪያ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ገባ። 18 ሰው ሞተ። አንድ ሰፈር፣ ሁለት ጊዜ፣ በአራት ዓመት። በ1972 ከናዳው ሥር የነበሩት ቋሚ ቤት እስኪደርሳቸው በጊዜያዊ ፈቃድ የሰፈሩ ሰዎች ነበሩ። ወላጆቻችሁ በካራቫን የኖሩ ካሉ «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ስንት ዓመት ሊሆን እንደሚችል ነግረዋችሁ ይሆናል። ጊዜያዊ ሰፈር የሚሰጠው ማንም ያልፈለገው መሬት ላይ ነው፤ ማንም ያልፈለገው መሬት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከተዳፋት ሥር ነው።

በዚህ ጊዜ ነገሩ በእውነት ተመረመረ። ከውጭም ከውስጥም የተውጣጡ ባለሙያዎች ቡድን ተቋቋመ፤ ላም ነበረበት፣ ከካናዳ ኖርበርት ሞርገንስተርን ነበረበት። ያገኙት ነገር ያሳዝናል። ሙሌቱ ከመኪና ላይ ተገልብጦ የተከመረ ነበር፤ በደንብ አልተጠቀጠቀም። ልቅ አፈር ደረቅ ሲሆን መምጠጡ እንደ ሙጫ ይዞት ይቆማል፤ ቀዳዳው ግን ሰፊ ነው። ዝናብ ሲገባ መምጠጡ ይለቃል፣ ልቁ አፈር መንሸራተት ሲጀምር ለመጠጋጋት ይሞክራል፣ በቀዳዳው ያለው ውሃ ግን መውጫ ያጣል። ያኔ ቅንጣቶቹ በውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ፤ አፈሩ እንደ አጥሚት ይፈሳል። ሰው የማያመልጠው ለዚህ ነው። ቡድኑ ያዘዘው መድኃኒት ቀላል ነበር፦ የልቅ ሙሌቱን ውጫዊ ክፍል ቢያንስ ሦስት ሜትር ቆፍራችሁ አውጡ፣ መልሳችሁ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት፣ የውሃ መውረጃ አብጁለት። ሦስት ሜትሩ ለምን እንደተመረጠ የላምን ስሌት ያየ ሰው አይቸገርም። በ1977 ተዳፋቶችን ብቻ የሚከታተል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተከፈተ። ዛሬ ሆንግ ኮንግ ወደ 60,000 የሚሆኑ ሰው ሠራሽ ተዳፋቶቿን እያንዳንዳቸውን ቁጥር ሰጥታ መዝግባ ይዛለች። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በናዳ ከሞቱባት ከ470 በላይ ሰዎች ውስጥ አብዛኞቹ ከዚያ መሥሪያ ቤት በፊት የሞቱ ናቸው።

ሞርገንስተርን በስም መጥራቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1977 እና በ1978 ከቀድሞ ተማሪው ከዴልዊን ፍሬድሉንድ ጋር ሆኖ ያልጠገበ አፈርን ጥንካሬ የሚያሰላ ሐሳብ ያሳተመው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ለንደን ውስጥ አለን ቢሾፕ በ1959 የቴርዛጊን ቀመር በአንድ ተጨማሪ ቁጥር ለማስፋት ሞክሮ ነበር፤ ጄኒንግስና በርላንድ ግን በ1962 አንድ ችግር አሳዩ። ልቅ አፈር ውሃ ሲገባበት አንዳንዴ ከማበጥ ይልቅ ይሟሽሻል፤ የቢሾፕ ቀመር ይህን ሊያስረዳ አልቻለም። ፍሬድሉንድና ሞርገንስተርን ያሉት እንግዲህ በአጭሩ ይኼ ነው፦ የቅንጣቶቹን ጫናና መምጠጡን በግድ አንድ ቁጥር ውስጥ አትጨቁኑ፤ ለየብቻ ቁጠሯቸው፣ ለእያንዳንዱም የራሱን ማዕዘን ስጡት። ቅድም በምሳሌዬ የተጠቀምኩበት 15 ዲግሪ ከዚህ የመጣ ነው። ከበኪንግሃም እስከዚህ 70 ዓመት ሆነ። ግብርናው ቤትና ምህንድስናው ቤት ብዙ ጊዜ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሆናቸውን ሳስብ ይገርመኛል።

የሆንግ ኮንግ ግንበኞች ግን ቀመሩን ሳይጠብቁ አንድ ነገር ያደርጉ ነበር። ቹናም ይሉታል፤ ሲሚንቶ፣ ኖራና የበሰበሰ ግራናይት አፈር ተቀላቅሎ ተዳፋቱ ላይ የሚለሰን ልስን ነው። ሥራው ተዳፋቱን መደገፍ አይደለም፤ ዝናብ እንዳይገባ መከልከል ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ ሲለሰን ያየ ሰው ሐሳቡን ያውቀዋል። ልስኑ ካልተሰነጠቀ ከሥሩ ያለው መምጠጥ ክረምቱን ያልፋል። ከተሰነጠቀ ደግሞ ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ ከላይ ሲታይ ግን ሁሉም ደህና ይመስላል። እስከ ዛሬ ብዙ መሐንዲሶች በመምጠጥ ላይ አንተማመንም የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ልክ ናቸው። ግን አለመተማመን አንድ ነገር ነው፣ የለም ብሎ መቁጠር ሌላ ነው። የማትተማመኑበትን ነገር እኮ ነው ይበልጥ የምትለኩት።

እኛ አገር ሃይፋ ውስጥ ይህ ልኬት ቀደም ብሎ ተጀምሯል፤ ያስጀመረው ግን ናዳ ሳይሆን የተሰነጠቀ ቤትና መንገድ ነው። የኢይዝራኤል ሸለቆ ከባድ ሸክላ አፈር የደንቢያ ዋልካ ዘመድ ነው፤ በክረምት ዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ በላዩ ያለውን ግድግዳም አስፋልትም ያነሳዋል፣ ይጥለዋል። የቴክኒዮን ተመራማሪዎች ካሲፍ፣ ሊቭነና ዋይዝማን በ1969 በእንዲህ ዓይነት አፈር ላይ ስለሚሠራ መንገድ መጽሐፍ አወጡ። በ1971 ካሲፍና ቤን ሻሎም በማበጥ ግፊትና በመምጠጥ መካከል ያለውን ግንኙነት በሙከራ አሳዩ። ዘዴያቸው የሚያምር ነው፦ አፈሩን በስስ ሽፋን ለይተው ከማዶው ወፍራም ሞለኪውል የሟሟበት ፈሳሽ አደረጉ። ሽፋኑ ውሃውን ያሳልፋል፣ ሞለኪውሉን አያሳልፍም፤ ፈሳሹ በጠነከረ መጠን ከአፈሩ ውስጥ ውሃ ይስባል። እንዲህ አድርገው መምጠጡን እንደፈለጉ ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። ዘዴው ቀድሞ የታወቀው በአፈርና በሰብል ተመራማሪዎች ዘንድ ነበር፤ እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ቤቶች በር የተከፋፈቱት። በ1973 ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የሚያብጥ አፈር ጉባኤ ሃይፋ ላይ ተደረገ።

ወላጆቻችን ወደ መጡበት አገርም ይህ ታሪክ ይደርሳል። በጁላይ 2024 በደቡብ ኢትዮጵያ በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራ ተንሸራተተ። የተቀበሩትን ለማውጣት ሰው ከየአቅጣጫው መጥቶ በእጁና በአካፋ መቆፈር ያዘ። ሁለተኛ ናዳ መጥቶ ቆፋሪዎቹንም ቀበራቸው። የሟቾቹ ቁጥር ከ220 በላይ ሆነ። እዚያ ምን ያህል መምጠጥ እንደነበር በቁጥር የምናገረው የለኝም። ሁለተኛው ናዳ መምጣቱ ግን ይህን ትምህርት ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው ሲወርድ ከበላዩ የቀረው አፈር ከፊቱ ድጋፍ ያጣል፤ ቀጥ ያለ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ ሆኖ ይቀራል፤ ውስጡ ደግሞ በዚያው ዝናብ ርሷል። ወንድሙ የተቀበረበትን ሰው ግን «አትቅረብ» ብሎ የሚያቆመው ማን ነው? ከላይ ቆሞ ስንጥቁን የሚመለከት አንድ ሰው ማቆም፣ ሲሰፋ ካየ እንዲጮህ ማድረግ፣ ይህ መሣሪያም ገንዘብም አይጠይቅም።

እዚሁ ቅርባችን ደግሞ ናታኒያ አለች፤ ብዙዎቻችሁ እዚያ አድጋችኋል። ከተማዋን ከባሕሩ የሚለየው ገደል ኩርካር ከሚባለው በኖራ የተጣበቀ የአሸዋ ድንጋይና ሀምራ ከሚባለው ቀይ አሸዋማ አፈር የተሠራ ነው። ከሥር ማዕበሉ ይሰረስረዋል፣ ከላይ የክረምቱ ዝናብ ይገባበታል። ኩርካሩ የሚቆመው በኖራው ነው፤ ሀምራው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ትልቅ እገዛ የሚያደርግለት ግን ያው መምጠጥ ነው። በበጋ ጫፉ ላይ ሆናችሁ ብታዩት እንደ ግንብ ይመስላል። በክረምት ግን ውሃው ከላይ ወደ ታች የሚወርደው በራሱ ፍጥነት ነው፤ ደመናው ከተገፈፈ በኋላም ለሰዓታት፣ አንዳንዴ ለቀናት ይጓዛል። ስለዚህ ከከባድ ዝናብ ማግስት፣ ፀሐይ ወጥታ ባሕሩ ጸጥ ሲል፣ ከገደሉ ሥር ምንጣፍ አንጥፋችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ጫፉን እዩት፤ አዲስ ስንጥቅ ካለ፣ ከሥር ትኩስ አፈር ከተከመረ፣ ሌላ ቦታ ተቀመጡ።